ፋይሉ አስር ሺህ ያለፈ ሰው የትኛውን ፋይል ማኔጀር ይያዝ?

ጥቂት መቶ ፋይል ያለው ሰው ስለ ፋይል ማኔጀር፣ ማለትም ፋይል ስለሚያሳይና ስለሚያደራጅ ፕሮግራም፣ መጨነቅ የለበትም፤ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ኤክስፕሎረር ይበቃዋል። ችግሩ የሚጀምረው ቁጥሩ አስር ሺዎችን ሲሻገር ነው፤ ጎንደር ላይ ደግሞ እዚያ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ከጥር 10 ከተራ ጀምሮ ጥር 12 ቀን ሚካኤል እስኪገባ ድረስ ሁለት ካሜራ ያሰማራ ፎቶ ቤት በሦስት ቀን ብዙ ሺህ ፎቶ ያጠራቅማል። ከዚያ የጥርና የሚያዝያ ሠርግ አለ። ብራና ገጽ በገጽ በፎቶ የሚያነሳ ሰው፣ የዓመታት መመረቂያ ጽሑፍ የሚያስቀምጥ የትምህርት ክፍል፣ የሕንፃ ንድፍ የሚይዝ ቢሮ፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ ያው ጥያቄ ይገጥመዋል።

ይህን ያህል ፋይል ያለው ሰው ከፋይል ማኔጀር የሚፈልገው አራት ሥራ ነው፦ ዝርዝሩን ሳይንቀረፈፍ ማሳየት፣ የተፈለገውን ቶሎ ማግኘት፣ ሺህ ፋይል በአንድ ጊዜ ስም መቀየር፣ ከዲስክ ወደ ዲስክ ሲገለብጥ ምንም አለማጉደል። አራቱንም አሳምሮ የሚሠራ አንድ ፕሮግራም ሲያስሱ መክረም ጊዜ ማባከን ነው። ሁለት ነጻ ፕሮግራሞች ተደጋግፈው ሥራውን ይጨርሱታል። ከዚያ በፊት ግን በእጅ ያለውን ኤክስፕሎረር ማየት ይገባል።

ኤክስፕሎረር ለምን ይንቀረፈፋል?

20,000 ፎቶ ያለበት ፎልደር ሲከፈት አረንጓዴው መስመር እየተጎተተ የሚቆየው ዊንዶውስ ፋይሎቹን መቁጠር አቅቶት አይደለም። ስምና መጠን ማንበብ ቀላል ነው። ጊዜ የሚበላው ሌላ ነገር ነው፤ ዊንዶውስ ፎልደሩን «የፎቶ» ወይም «የቪዲዮ» ብሎ ከመደበው በኋላ እያንዳንዱን ፋይል ከፍቶ የተነሳበትን ቀን፣ ስፋቱንና ትንሿን ምስል ለማውጣት ይሞክራል። አንቲቫይረሱም በተከፈተ ቁጥር ይፈትሻል። በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ አንባቢው ክንድ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው ለመዝለል 10 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይፈልጋል፤ 20,000ው ፋይል እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ቢነካ እንኳ 200 ሰከንድ ሄደ ማለት ነው። የሚሽከረከር ነገር በሌለው ኤስኤስዲ ዲስክ ላይ ይህ መዘግየት ከሞላ ጎደል ይጠፋል።

መፍትሔው ነጻ ነው። ፎልደሩ ላይ ቀኙን ተጭነው «ፕሮፐርቲስ»፣ ቀጥሎ «ከስተማይዝ» ውስጥ ገብተው ምድቡን «ጄኔራል አይተምስ» ያድርጉት፤ ከሥሩ ያለችውን ለንዑስ ፎልደሮችም የምትሠራዋን ሳጥን ምልክት ያድርጉባት። አቀራረቡን ወደ «ዲቴይልስ» ይቀይሩ። በቀን ሲደረድሩ ደግሞ «ዴት ሞዲፋይድ» የሚለውን ይጠቀሙ፤ ፎቶው የተነሳበት ቀን ፋይሉ ውስጥ ስለሚቀመጥ እሱን ለመደርደር ሁሉንም መክፈት ግድ ይላል፣ «ዴት ሞዲፋይድ» ግን ከዝርዝሩ ላይ ይነበባል። ይህን ብቻ አድርጎ ሌላ ፕሮግራም መፈለጉን የሚተው ሰው አለ፤ ልክ ነው። ከ2022 ጀምሮ የዊንዶውስ 11 ኤክስፕሎረር በታብ ስለሚከፈት የተዝረከረኩ መስኮቶችም ቀንሰዋል።

ባለ ሁለት ፓነሎቹ

ብዙ ፋይል የሚያንቀሳቅስ ሰው ከየት ወዴት እንደሚገለብጥ በአንድ እይታ ማየት አለበት። በግራ የካሜራው ካርድ፣ በቀኝ ዲስኩ። ይህ አሠራር በ1986 ከወጣው ኖርተን ኮማንደር የመጣ ነው፤ ቁልፎቹም እስካሁን አልተለወጡም፦ ታብ ከፓነል ወደ ፓነል ያሻግራል፣ ኤፍ5 ይገለብጣል፣ ኤፍ6 ያዛውራል፣ ኤፍ7 አዲስ ፎልደር ይፈጥራል፣ ኤፍ8 ያጠፋል። ሳምንት በማይሞላ ጊዜ እጅ ይለምደዋል።

በዊንዶውስ ላይ ስሙ የገነነው ቶታል ኮማንደር ነው። የስዊሱ ክርስቲያን ጊስለር በ1993 ዊንዶውስ ኮማንደር ብሎ አወጣው፤ የአሁኑን ስም የያዘው በ2002 ነው። የሙከራ ጊዜው 30 ቀን ሲሆን ከዚያ በኋላም ይከፈታል፤ በከፈቱት ቁጥር ግን ከሦስት ቁጥሮች የታዘዘውን ተጫን እያለ ያስታውሳል። ክፍያው አንዴ ብቻ ነው። ይሁንና ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ እዚህ ላለ ብዙ ሰው አይመችም፤ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞረውን «ክራክ» መጫን ደግሞ ፋይል ለማስተካከል ብሎ ቫይረስ መጋበዝ ነው።

ስለዚህ ምክራችን በደብል ኮማንደር ይጀምሩ ነው። ነጻ ነው፤ ዊንዶውስ፣ ሊነክስና ማክ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ይሠራል፤ አብዛኞቹ ቁልፎቹ የቶታል ኮማንደር ናቸው፤ የእሱንም ተጨማሪ ፕለጊኖች ይቀበላል። መልኩ አያምርም። ለሥራው ግን ምንም አያጎድልም። ቀኑን ሙሉ ስም ሲቀይርና ዲስክ ሲያነጻጽር የሚውል ሰው ቶታል ኮማንደርን ቢገዛ ይሻለዋል። ዳይሬክተሪ ኦፐስ ከሁሉም ይበልጥ እንደ ፍላጎት ይስተካከላል፤ ግን የሚከፈልበትና ለመማርም ጊዜ የሚወስድ ነው። ሊነክስ ያላቸው ዶልፊን ወይም ኒሞ በተባሉት ፋይል ማኔጀሮች ላይ ኤፍ3 ሲጫኑ መስኮቱ ለሁለት ይከፈላል።

ደብል ኮማንደርና ቶታል ኮማንደር ላይ ኮንትሮልና ቢ አብረው ሲጫኑ በንዑስ ፎልደሮች የተበተነው ሁሉ በአንድ ዝርዝር ይዘረገፋል። ድንቅ ነገር ነው፤ ወጥመድም አለበት። ካሜራ ፋይል የሚሰይመው ከ0001 እስከ 9999 ነው፤ ከዚያ አዲስ ፎልደር ከፍቶ እንደገና ከ0001 ይጀምራል። ስለዚህ አንድ ካርድ ላይ፣ ወይም የሁለት ካሜራ ካርዶች ላይ፣ አንድ ስም ያላቸው የተለያዩ ፎቶዎች ይኖራሉ። የተዘረገፈውን ወደ አንድ ፎልደር ሲገለብጡ «ይተካ?» ለሚለው ጥያቄ በችኮላ «ሁሉንም» ካሉ የመጀመሪያው ጠፋ። እዚያ መልእክት ላይ ፕሮግራሙ ራሱ የአዲሱን ስም ቀይሮ የሚያስቀምጥበትን ምርጫ ይፈልጉ፤ ከሁሉም የሚሻለው ግን ለየካርዱ የየራሱን ፎልደር መክፈት ነው።

ፍለጋ፦ ስሙ ትዝ ካለዎት

ሁለተኛው ነጻ ፕሮግራም ኤቭሪቲንግ ይባላል፤ የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው። የዊንዶውስ የራሱ ፍለጋ ፎልደር በፎልደር ሲዞር ይውላል፤ ኤቭሪቲንግ ግን ዲስኩ ራሱ የያዘውን የፋይሎች መዝገብ በቀጥታ ያነባል። አንድ ሚሊዮን ፋይል ለመመዝገብ አንድ ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል፤ የሚይዘው ሜሞሪም 75 ሜጋባይት ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ፊደል በጻፉ ቁጥር ውጤቱ ወዲያው ይመጣል። ሁለት ገደብ አለው። አንደኛ፣ ይህን ፍጥነት የሚያሳየው ኤንቲኤፍኤስ በተባለው ፎርማት ላይ ነው፤ ኤክስፋት የሆነ ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ካለዎት ከማስተካከያው ውስጥ እንደ ፎልደር ማስመዝገብ ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ ቀስ ይላል። ሁለተኛ፣ የሚፈልገው ስም ነው። ሰነዱ ውስጥ የተጻፈውን ቃል ለመፈለግ ደብል ኮማንደር ላይ ኦልትና ኤፍ7 ተጭነው በይዘት መፈለግ ይቻላል።

በአማርኛ ስም ለሚሰይም ሰው ትልቁ ፈተና ሞክሼ ፊደል ነው። «ሠርግ» ብሎ የሰየመውን ፎልደር «ሰርግ» ብሎ የጻፈ አያገኘውም፤ ለኮምፒውተሩ ሁለቱ የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። ሲደረደሩም ይለያያሉ፤ ሠ ከረ በፊት፣ ሰ ከረ በኋላ ይመጣል፤ የአንዱ ዓመት ሠርግ ከላይ፣ የሌላው ከታች ይቀራል። «ዐፄ» የሚለው ቃል ብቻ «አፄ»፣ «አጼ»፣ «ዐጼ» እየተባለ ይጻፋል። ኤቭሪቲንግ ላይ ኮንትሮልና አር ተጭነው ሬጌክስን (በምልክት የተለያየ አጻጻፍ የሚፈልገውን ዘዴ) ካበሩ [ሠሰ]ርግ ወይም [አዐዓ][ፄጼ] ብለው ሁሉንም በአንድ ጊዜ መያዝ ይችላሉ። ሬጌክስ ካስፈራ በተራው ፍለጋ በሁለቱ መካከል ቀጥ ያለች መስመር ማስገባት ነው፦ ሠርግ|ሰርግ። ዘላቂው መላ ግን አንድ ገጽ ወረቀት ላይ የቤቱን አጻጻፍ ወስኖ ከኮምፒውተሩ አጠገብ መለጠፍ ነው።

የስም ርዝመትም አለ። ዊንዶውስ ከዲስኩ ፊደል ጀምሮ እስከ ፋይሉ ስም መጨረሻ ድረስ ያለውን መንገድ ሁሉ ቆጥሮ ከ259 ፊደል በላይ ሲሆን አብዛኞቹ ፕሮግራሞች «መንገዱ ረዘመ» ብለው ይመልሳሉ። ፎልደር ውስጥ ፎልደር፣ እሱ ውስጥ ሌላ እየተባለ ስድስትና ሰባት ደረጃ ሲወርድ የሚመጣ ጣጣ ነው፤ ላይኛውን ፎልደር ስሙን ማሳጠር ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ከሦስት ወይም ከአራት ደረጃ በላይ ባይወርዱ ይመረጣል። ሊነክስ ላይ ያለው ገደብ ደግሞ ሌላ ነው፤ የአንድ ፋይል ስም 255 ባይት ሲሆን አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። በእንግሊዝኛ 255 ፊደል የሚፈቅደው ኮምፒውተር በአማርኛ 85 ላይ ያቆማል። ዊንዶውስ ላይ ያለችግር የቆየ ረጅም የቴሲስ ርዕስ ሊነክስ ላይ ወዳለ ዲስክ ሲገለበጥ እምቢ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስም በጅምላ መቀየር

ደብል ኮማንደርም ቶታል ኮማንደርም ፋይሎቹን ከመረጡ በኋላ ኮንትሮልና ኤም ሲጫኑ የጅምላ ስም መቀየሪያ ይከፍታሉ። የቀድሞው ስም፣ ቆጣሪው፣ ቀኑ፣ ሁሉም በአዝራር ይገባሉ፤ ከታች አሮጌውና አዲሱ ስም ጎን ለጎን ይታያሉ። ያን ዝርዝር ሳያዩ ማስጀመሪያውን አይጫኑ። ቆጣሪውን አራት ዲጂት ያድርጉት፤ 1፣ 10፣ 2 እየተባለ የሚደረደርበት ፕሮግራም ስላለ 0001 ከየትኛውም ጋር ይስማማል።

እዚህ ላይ ፎቶ ቤቶችን የሚያስለቅስ ነገር አለ። ካሜራው ለእያንዳንዱ ፎቶ ጄፔግና ሮው (ያልተቀነባበረ ጥሬ ፋይል) ሁለቱንም ካስቀመጠ፣ ሁለቱ ጥንድ መሆናቸው የሚታወቀው በስማቸው ብቻ ነው። ሁሉንም መርጠው በቆጣሪ ከሰየሙ አንዱ 0001 ሌላው 0002 ይሆንና ጥንዱ ይፋታል። በቆጣሪ ፈንታ የቀድሞውን ስም እንዳለ ትተው ከፊቱ ብቻ ይጨምሩ፤ ለምሳሌ «ጥምቀት2017_ካሜራ1_» ከዚያ የካሜራው ስም። እንዲሁም ቪዲዮ በፕሪሚየር እየተቆረጠ ከሆነ ወይም ፎቶው ላይትሩም ውስጥ ከተመዘገበ በፋይል ማኔጀር ስሙን መንካት የለበትም፤ ፕሮግራሙ ፋይሉን የሚያስታውሰው በመንገዱ ስለሆነ ያጣዋል፤ ፕሪሚየር «ሚዲያ ኦፍላይን» ይላል። ስሙን ከመጀመሪያው፣ ወደ ኤዲቲንግ ከመግባቱ በፊት ይቀይሩ።

ቀኑስ በየትኛው አቆጣጠር? የመቀየሪያው የቀን አዝራር የሚሰጠው የአውሮፓን ቀን ነው። የ2017 ዓ.ም. ጥምቀት በካሜራው ዘንድ 2025፣ ወር 01፣ ቀን 19 ነው። «2017» ብቻ የተባለ ፎልደር የአውሮፓውያኑ 2017ም ሊሆን ይችላል። አንዱን ይምረጡና ዲስኩን ሙሉ በእሱ ይሂዱ። በእኛ አቆጣጠር ከሄዱ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብለው በቁጥር ይጻፉ፦ ዓም2017-05-11። ወሩ በስም ከተጻፈ ሐምሌ ከመስከረም ቀድሞ ይደረደራል። ጳጉሜን 13 ነው፤ ቦታውን አይስትም። የካሜራዎቹ ሰዓትም ይታይ፤ አንዱ በእኛ አቆጣጠር ሌላው በአውሮፓ ከተሞላ የሁለቱ ፎቶዎች በጊዜ ሲደረደሩ የስድስት ሰዓት ልዩነት ይገባባቸዋል፤ ታቦቱ ከመውጣቱ በፊት ገብቶ ይታያል።

መገልበጥና የመብራት ነገር

100,000 ፎቶ፣ እያንዳንዱ 3 ሜጋባይት፣ 300 ጊጋባይት ነው። በሰከንድ 100 ሜጋባይት በሚቀበል ዲስክ 50 ደቂቃ ይፈጃል፤ ዩኤስቢ 2 በሆነ መሰኪያ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ። መሰኪያው ውስጡ ሰማያዊ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ዩኤስቢ 3 ነው። ፋይሎቹ ትናንሽ ከሆኑ ከዚህም ይብሳል፤ ለእያንዳንዱ መክፈት፣ መመዝገብ፣ መዝጋት አለና።

በዚህ መሀል መብራት ቢሄድስ? ዊንዶውስ ፋይል መገልበጥ ሲጀምር ቦታውን በሙሉ መጠን አስቀድሞ ይይዛል። ስለዚህ የተቋረጠው ፋይል በመጠኑ ሙሉ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ግማሹ ባዶ ሊሆን ይችላል። ኤንቲኤፍኤስ የለውጥ መዝገብ ስላለው የዲስኩ አሠራር ይተርፋል፤ ፋት32ና ኤክስፋት ያ የላቸውም፤ ፎልደሩ ራሱ ሊበላሽ ይችላል። ከዚህ የሚወጡ ሦስት ልማዶች አሉ። ከዲስክ ወደ ዲስክ «ከት» አይጠቀሙ፤ ኮፒ አድርገው፣ አረጋግጠው፣ ከዚያ ብቻ ያጥፉ። በኮማንደሮቹ ሲገለብጡ «ቬሪፋይ» የምትለውን ሳጥን ያብሩ፤ ጊዜው ይረዝማል፣ ይርዘም። ከተቋረጠ በኋላ ሁለቱን ፎልደሮች በሁለቱ ፓነሎች ከፍተው «ሲንክሮናይዝ» በሚለው ያነጻጽሩ፤ ሲያነጻጽሩም በይዘት እንዲሆን ይምረጡ፣ መጠንና ቀን ብቻ ያታልላሉ።

ሮቦኮፒ የተባለው የዊንዶውስ የራሱ የትእዛዝ መሣሪያም ለዚህ ሥራ ጎበዝ ነው። ግን የሙከራ ቁጥር ካልተነገረው የማይነበብ ፋይል ሲያጋጥመው በየ30 ሰከንዱ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ይሞክራል፤ አንድ የተበላሸ ፎቶ ላይ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ይቆማል ማለት ነው።

ዲስኩ ራሱ

ፋይል ማኔጀር የዲስኩን ፎርማት ገደብ አያልፍም። ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የማይታወቀው በአንድ ፎልደር የሚችለው 65,534 መዝገብ መሆኑ ነው፤ ረጅም ስም ደግሞ በየ13 ፊደሉ ተጨማሪ መዝገብ ይበላል። ስሙ 26 ፊደል ከሆነ አንድ ፋይል ሦስት መዝገብ ይይዛል፤ ፎልደሩ 21,800 ገደማ ላይ ይሞላል፣ ፍላሹ ግማሹ ባዶ ሆኖ ሳለ «ቦታ የለም» ይላል። ኤክስፋት ይህ ችግር የለበትም፤ ማክና ዊንዶውስም ይግባቡበታል። ነገር ግን ትልቅ ዲስክ ላይ ዊንዶውስ በራሱ ምርጫ ሲፎርማት ለትንሿ ፋይል እንኳ 128 ኪሎባይት ይመድባል፤ 10 ኪሎባይት የሆኑ 100,000 ሰነዶች አንድ ጊጋባይት መሆን ሲገባቸው ከ12 በላይ ይይዛሉ። ዊንዶውስ ብቻ ለሚጠቀም ቤት የማከማቻ ዲስክ ኤንቲኤፍኤስ ይሁን።

ከፍላሽ ላይ የጠፋ ፋይል ሪሳይክል ቢን ውስጥ እንደማይገባም አይዘንጋ።

በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚዞረው የሾርትከት ቫይረስም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ፎልደሮችዎን ይደብቅና በቦታቸው ሾርትከት ያስቀምጣል፤ ሰውም «ፋይሌ ጠፋ» ብሎ ፍላሹን ፎርማት ያደርጋል። ፋይሉ ግን አለ። ደብል ኮማንደር ላይ የተደበቁና የሲስተም ፋይሎች እንዲታዩ ካዘዙ ይገኛሉ፤ በአንቲቫይረስ ካጸዱ በኋላ «አትሪቢዩት» ከሚለው ውስጥ የመደበቂያዎቹን ምልክቶች ማንሳት ነው። ኤክስፕሎረር የፋይል ኤክስቴንሽን መደበቁም ለዚህ ቫይረስ ያመቸዋል፤ የፎልደር ምስል የለበሰ ፕሮግራም ከእውነተኛ ፎልደር አይለይም። ኤክስፕሎረርን ባይተዉት እንኳ ኤክስቴንሽኑ እንዲታይ ያድርጉ።

ተደጋጋሚ ፋይል ሲያጸዱም በስም ተማምነው አያጥፉ። ቶታል ኮማንደር ላይ ኦልትና ኤፍ7 ተጭነው «አድቫንስድ» ውስጥ በመጠንና በይዘት እንዲያመሳስል ይዘዙት። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ተጨምቆ ስለሚደርስ ከዋናው ጋር በይዘት አይመሳሰልም፤ እንደ ፋይል የተላከው ግን ይመሳሰላል።

ከመወሰንዎ በፊት

የራስዎን 10,000 ፋይል ኮፒ አድርገው ይሞክሩ። ይክፈቱት፣ በቀን ይደርድሩት፣ እስከ ታች ያውርዱት። አምስት መቶውን ስም ይቀይሩና ይመልሱ፤ ቶታል ኮማንደር የመመለሻ አዝራር አለው። በአማርኛ ስም ያለው ፋይል «????» ሆኖ ከታየ ያንን ፕሮግራም ይተዉት፤ የግዕዝን ጨምሮ የብዙ ቋንቋ ፊደላትን የሚይዘውን ዩኒኮድ አያውቅም። በዚፕ አሽገው መልሰው ይፍቱት፤ በቆዩ ማሸጊያዎች የአማርኛ ስም ይበላሻል፣ በሰቨን ዚፕ ግን ይተርፋል። ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሙከራ ነው።

መሳቢያ ውስጥ የተደረደሩ አራት አምስት ኤክስተርናል ዲስኮች ላሉት ቤት አንድ ነገር እንጨምር። እያንዳንዱን ዲስክ አንድ ጊዜ ሰክተው ኤቭሪቲንግ ላይ በዚያ ዲስክ ብቻ ከፈለጉ በኋላ ውጤቱን «ኤክስፖርት» ብለው እንደ ፋይል ዝርዝር ያስቀምጡት፤ ስሙንም ዲስኩ ላይ በለጠፉት ቁጥር ይጥሩት። ዝርዝሩን ኤቭሪቲንግ ውስጥ ሲያስገቡ ዲስኩ ሳይሰካ የ2014ቱ ሠርግ ስንተኛው ዲስክ ላይ እንዳለ ይነግርዎታል። ዲስኩ ላይ አዲስ ነገር ሲጨመር ዝርዝሩ ራሱን አያድስም፤ እንደገና ማውጣት ያስፈልጋል።